አጥራችሁ ላይ ማን ይኑር? ወፍና ንብን ያሰበ የአጥርና የግቢ ዛፍ ምርጫ

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ እንደ ሰው ሁሉ ግቢዬ ለእንቁጣጣሽ ይመር ብዬ አጥር አስከረከምኩ። የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። አጥር የሚከረክሙልን አባት ግራዋውን በገጀራ ሲመለምሉ ቆዩና ድንገት ቀጥ አሉ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። መሬት የወደቀው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከሣር የተሸመነች፣ አፏ ወደ ታች የዞረ ጎጆ ተንጠልጥላለች። ውስጧ ሁለት እንቁላል አለ። ቢጫዋ ሸማኔ ወፍ ግንቡ ላይ ቆማ ትንጫጫለች። አባባ ምንም ሳይሉ ቅርንጫፉን አንስተው ከቀረው ግንድ ጋር በሲባጎ አሰሩት። «እንግዲህ ከተመለሰች» አሉ። አልተመለሰችም።

ስለዚህ ሰው «ለግቢዬ ምን ልትከል?» ሲለኝ አሁን መልሼ የምጠይቀው «መቼ ልትከረክመው አስበሃል?» ብዬ ነው። የዛፉ ዓይነት ግማሽ መልስ ነው። ግማሹ መቀሱና ገጀራው በየትኛው ወር ይነሳሉ የሚለው ነው። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ከፍታ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ፣ ባህር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700፣ ድሬዳዋ 1,200 ላይ ናቸው። ባህር ዳር ላይ በሦስት ዓመት ጥላ የሚሰጥ ዋንዛ ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳር ውርጭ ያሳርረዋል። ኮሶ ደግሞ በተቃራኒው ደጋ ይወዳል፤ ድሬዳዋ ላይ አትድከሙ። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ «ያለው ይኸው ነው» ሲሏችሁ ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጎረቤት ገደል ወይም የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ምን እንደበቀለ እዩ። የቤተ ክርስቲያን ደን የአካባቢው ዕፅ መዝገብ ነው። ሳይተከል፣ ሳይጠጣ ራሱን ችሎ የቆመው ዛፍ ለእናንተም ግቢ ይሆናል።

አጥሩ፦ አራት ምርጫ

አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው የፈረንጅ ጥድ ነው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ በፍጥነት ያድጋል፣ በመቀስ እንደ ግድግዳ ይስተካከላል፣ ሠርግ ቤት ፊት ለፊት ሲቆም ያምራል። ለወፍ ግን ማደሪያ እንጂ ገበታ አይደለም። ፍሬው እንጨት የመሰለ ደረቅ ነው፤ አበባው ለንብ ማር የለውም። ርግብና ድንቢጥ ጎጆ ይሠሩበታል፣ ከጭልፊትም ይደበቁበታል፤ ከዚያ ያለፈ አትጠብቁ። ሌላም ጣጣ አለው፦ ከአረንጓዴው አልፋችሁ ቡናማው እንጨት ድረስ ከቆረጣችሁት ያ ቦታ ዳግም አያቆጠቁጥም። የተሸነቆረ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስሙ የሚያሳስተውን የሐበሻ ጥድ ለይቼ ላንሳ። የሐበሻው ጥድ ወንድና ሴት አለው። ሴቷ ሰማያዊ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ቆሎ የሚያካክል ፍሬ ታንጠለጥላለች፤ ወንዱ ብናኝ ብቻ ነው። አረንጓዴ ላባ ያለው፣ ሲበር ክንፉ ውስጥ ቀይ የሚቀጣጠለው ቱራኮ ይህን ፍሬ ይለቅማል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ በቀቀንም እንዲሁ። ችግኝ ሲሆን ጾታው አይለይም። ስለዚህ አንድ ከምትተክሉ አራት አምስት ተክላችሁ ዕድላችሁን ሞክሩ። ለመከርከሚያ አጥር ግን አልመክረውም፤ እንደ ዛፍ ይቁም።

ሁለተኛው ቅንጭብና ቁልቋል ነው። ቆላና ወይና ደጋ ላይ፣ ፍየል በሚበዛበት፣ ውኃ በሌለበት ከእነሱ የሚበልጥ የለም። ቆርጠህ ሰክተህ ትሄዳለህ፤ ይዞ ይጠብቅሃል። ትልልቁ ቁልቋል አበባው ንብ ይጠራል፣ እሾሁ መሃል የተሠራ የዋኔ ጎጆ ድመት አይደፍረውም። ወተቱ ግን ዓይን ያጠፋል። ልጆች ያሉበት ግቢ ውስጥ ቅንጭብን አልተክልም፤ ስትቆርጡም መነጽር አድርጉ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ።

ሦስተኛው የእኔ ነው፦ ግራዋና ሰንሰል። ሁለቱም በቁራጭ ይበቅላሉ፣ ሰንሰልን ከብት እምብዛም አይነካውም፣ ገንዘብ አያስወጡም። ጎረቤት ሲከረክም ሄዳችሁ ክንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ለምኑ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲሶውን መሬት ውስጥ ስደዱት። ግራዋ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ሜዳው ቢጫ ሆኖ ሌላው አበባ ሲያልቅ፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያን ጊዜ አጥሩ አጠገብ ብትቆሙ የንቡ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ነው። አደይ አበባ ከረገፈች በኋላ ቀፎ ያለው ሰው የሚኖረው በግራዋ ነው ብል አላጋነንኩም። ቅጠሉ ጋን ማጠቢያ መሆኑን ለእናቶች መንገር አያስፈልግም። ሰንሰል ደግሞ ነጭ አበባ አለው፣ ጥቅጥቅ ይላል፣ ከሥሩ ትናንሽ ወፎች ቅጠል እየበተኑ ትል ይለቅማሉ። የሁለቱም ድክመት አንድ ነው፦ ሌባ አይከለክሉም። ሰው ጥሶ ይገባል።

አራተኛው እሾኹ ነው፦ አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽም። ሌባውንም ድመቱንም የሚያቆም፣ ወፉንም የሚመግብ እሱ ነው። አጋም ሽታው ግቢ የሚሞላ አበባ፣ ጥቁር ጣፋጭ ፍሬ አለው፤ ለወይና ደጋ። ቀጋ ለደጋው ነው፤ ነጭ አበባው ክፍት ስለሆነ ንብ ያለ ችግር ይገባበታል፣ ቀይ ብርቱካናማ ፍሬውን ልጅም ወፍም ይሻሙበታል። ኮሽምም እንደ ጥዱ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፤ አንድ ብቻ ተክሎ «አላፈራልኝም» የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ። ችግሩ ጊዜ ነው። ከዘር ተነስተው አጥር እስኪባሉ አራት አምስት ዓመት ይጠይቃሉ፤ ያውም ፍየል ካልደረሰባቸው።

እንግዲህ የቱ? አንዱን መምረጥ ካለባችሁ እኔ እሾኹን እላለሁ። ግን ማን አስገደዳችሁ? ግራዋና ሰንሰሉን በውጭ ረድፍ ቶሎ እንዲደርስ፣ ቀጋና ኮሽሙን በውስጥ ረድፍ ቀስ እንዲል አድርጋችሁ በአንድ ክረምት ትከሉ። እሾኹ ሲጠና ግራዋውን ታሳሳላችሁ። የፍሬና የአበባው ወር ስለሚለያይ አጥሩ ዓመቱን ሙሉ ባዶ አይውልም።

ግንብና ቆርቆሮ ያላችሁስ? አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ሰው ይህ ነው ያለው። ግንቡን አታፍርሱ፤ በውስጥ በኩል አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ብቻ ለቃችሁ ሰንሰልና ግራዋ አስጠጉበት። ሲሚንቶው ሌባውን፣ ቅጠሉ ወፏን ይይዛል።

ሁለት አትትከሉ የምላቸው አሉ። አንዱ የወፍ ቆሎ ነው፤ ባለ ብዙ ቀለም አበባው ያታልላል። ወፍ በእርግጥ ፍሬውን ትወደዋለች፤ ችግሩም ያ ነው፤ ዘሩን በየግጦሹ ትዘራዋለች፣ ቅጠሉ ከብት ይመርዛል፣ ሥሩ አገር በቀሉን ያፍናል። ወፍ ወደደችው ማለት ለወፍ አገር ይበጃል ማለት አይደለም። ሌላው ፕሮሶፒስ የሚባለው ከውጭ የመጣ እሾሃም ዛፍ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለጥላና በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ ገብቶ አፋር ላይ ስንቱን የግጦሽ መሬት እንደዘጋ ያየ ሰው፣ ለአጥር ብሎ ከድሬዳዋ ዘሩን አያመጣም። እዚያ ቆላ ላይ ቁርቁራ አለላችሁ፦ እሾሃም፣ ፍሬው ለሰውም ለወፍም።

ዛፉ፦ ባህር ዛፍ፣ ግራቪሊያ ወይስ አገር በቀል?

በባህር ዛፍ ላይ መፍረድ ፋሽን ሆኗል። እኔ ግማሽ ልብ ነኝ። በምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አጥታ ከተማዋ ወደ ሌላ ቦታ ልትዛወር ስትል ከአውስትራሊያ መጥቶ ያቆያት እሱ ነው። ዛሬም የገበሬው ባንክ ነው፤ የልጅ ትምህርት፣ የሠርግ ወጪ፣ የቤት ቆርቆሮ በእሱ ይሸፈናል። አበባው ለንብ ትልቅ ነገር ነው፤ ማር ነጋዴ ጠይቁ። አሞራና ጭልፊት ረጅሙ ጫፍ ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ሥሩን ግን ውረዱና እዩት፦ ሣር የለም፣ ቁጥቋጦ የለም፣ ትል ፍለጋ የሚጭር ወፍ የለም። ውኃ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም። ፍርዴ ይህ ነው፦ ከምንጭና ከማሳ ድንበር ይራቅ፤ ለብቻው በተለየ ቦታ ይተከል፤ ያላችሁን ስትቆርጡ ደግሞ አንድ ሁለት ያረጁትን ለአሞራው ተዉለት።

ግራቪሊያም አውስትራሊያዊ ነው፤ ግን ለግቢ ይበልጥ ገር ነው። ብርቱካናማ ብሩሽ መሰል አበባው ውስጥ ጣፋጭ ውኃ ስላለው ንብና አበባ ቀሳሚ ወፍ አይለዩትም። ቶሎ ጥላ ለሚፈልግ፣ በተለይ ወይና ደጋ ላይ፣ አልቃወምም። ቅርንጫፉ በነፋስ ስለሚሰበር ከመኪና ማቆሚያ አርቁት።

አገር በቀሎቹ ውስጥ ልቤ የሚያደላው ለወይራ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ የተከለው ሰው ጥላው ሥር ላይቀመጥ ይችላል። ግን ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ትንሿ ጥቁር ፍሬው የወፍ ምግብ ናት፣ የተመለመለው ቅርንጫፍ ደግሞ እንስራና የወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እሾሃም ቁጥቋጦ ሥር ሳትተክሉት የበቀለ የወይራ ችግኝ ካያችሁ አትንቀሉት። ወፍ ፍሬውን በልታ እላዩ ላይ ተቀምጣ የጣለችው ዘር ነው፤ እሾኹ ከፍየል እየጠበቀው ነው። ከችግኝ ጣቢያ ከምትገዙት ይሻላል፤ ነጻም ነው።

ብሳና ለሚቸኩል አገር ወዳድ ነው፤ ይፈጥናል፣ ንብ ይወደዋል፣ የረገፈ ቅጠሉ አፈር ይሆናል። ዋንዛም ከ2,400 ሜትር በታች ላላችሁ ድንቅ ነው፤ ነጭ አበባው መስከረም ጥቅምት ላይ ምድሩን ሲሸፍን ጫማ አውልቁ ያሰኛል። ኮርችን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ወፍራም ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ብትተክሉት ይይዛል፣ አፈር ያለማል፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ብቻ ይቆማል። በወንዛችን በተከዜ ስም የተጠራችው ወፍ፣ የተከዜ አበባ ቀሳሚ፣ ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊና አረንጓዴ የሚያብረቀርቀው፣ ያኔ ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ነው።

ሾላና ዋርካ? ሰፊ ቦታ፣ የጋራ ሜዳ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ካላችሁ ከሁሉም በፊት እነሱን። ሾላን የሚያዳቅለው ትንሽ ተርብ ስለሆነ ዛፎቹ በአንድ ወር አብረው አያፈሩም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። በረሃብ ወር እንኳ አንዱ ሾላ ክፍት ሆቴል ነው፦ ርግብ፣ ጉሬዛ፣ ማታ ደግሞ የሌሊት ወፍ። በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ ግን አይሞከርም፤ ሥሩ ግንብ ያፈርሳል፣ ቧንቧ ያንቃል።

መቼና እንዴት ይቆረጥ

ጀርመን አገር ያለች እህቴ፣ እዚያ ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 አጥርን አጥብቆ መቁረጥ በሕግ ክልክል እንደሆነ፣ የሚፈቀደው ቀለል ያለ ማስተካከል ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ምክንያቱ የወፎች ጎጆ ነው። ሕጉን ወደድኩት፤ ወሩን ግን መገልበጥ አይሠራም። የእኛ ወፎች ቀን ከመርዘምና ከማጠር ይልቅ ዝናብን ነው የሚከተሉት። ዝናብ ሲመጣ ሣር ይለመልማል፣ ነፍሳት ይበዛሉ፣ ጫጩት ይመገባል። በደጋው በበልግና በክረምት ጎጆ ይበዛል፤ ሸማኔ ወፎች በተለይ ክረምቱን ይወዱታል። እኛ ደግሞ የምንከረክመው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው፣ እንቁላልና ጫጩት በሞላበት ሰዓት።

ሦስት አማራጭ አለ። ነሐሴ መጨረሻ ብትከረክሙ ግቢው ለበዓል ያምራል፣ ጎጆው ይፈርሳል። ኅዳር ብትከረክሙ ጎጆው አልቋል፣ ግን ግራዋው ሊያብብ የያዘውን እምቡጥ ትቆርጡበታላችሁ፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ትናንሽ ወፎችም በዚያ ሰሞን ከለላ ይሻሉ። ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ብትከረክሙ አበባው ወርዷል፣ ጎጆ አናሳ ነው፣ የበልግ ዝናብ ደርሶ ያቆጠቁጠዋል። እኔ የካቲትን ይዣለሁ። ለበዓል የግድ ካላችሁ በር አካባቢ ያለውን ሁለት ሜትር ብቻ አስተካክሉ፤ እንግዳ የሚያየው እሱን ነው። ያንንም ቢሆን መቀሱ ከመነሳቱ በፊት ለአሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ወፍ በአፏ ሣር ወይም ትል ይዛ ወደ አንድ ቦታ ከተመላለሰች እዚያ ጎጆ አለ።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠኑ ነው። አጥሩን በሙሉ በየዓመቱ የሚላጭ ሰው ፍሬ አያይም፤ ቀጋና አጋም ቆየት ባለው ቅርንጫፍ ላይ ነው በደንብ የሚያብቡት። ዘንድሮ አንዱን ጎን፣ ከርሞ ሌላውን። ቅርጹም ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል፤ ከላይ የሰፋ አጥር የታችኛውን ፀሐይ ይነሳዋል፣ እግሩ ይራቆታል፣ በባዶው እግር ድመት ይገባል።

ለትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ገጀራ አታስነሱ። መጋዝ ያዙ፤ ከግንዱ አንድ ክንድ ርቃችሁ በመጀመሪያ ከሥር በኩል ሲሶውን ቁረጡ፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከላይ ቁረጡት፣ ይወድቃል። ከሥር ስለቀደማችሁት ልጡን ይዞ አይገሸልጥም። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ፣ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጠት ሳትነኩ፣ ከእብጠቱ ውጭ ቁረጡት። ቁስሉን የሚዘጋው ያ እብጠት ነው። ከግንዱ እኩል አድርጎ «አሳምሮ» የቆረጠ ሰው ዛፉን ለመበስበስ አሳልፎ ሰጠው። ጫፉን መቁረጥም እንዲሁ፤ የመብራት መስመር ካልነካ በቀር ምን አደረጋችሁ?

የደረቀ ዛፍስ? ቤት ላይ ወይም መንገድ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ይነሳ። ካልሆነ ሦስት ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡትና ግንዱ ይቁም። ግንደ ቆርቁር ይቦረቡረዋል፤ እሱ የተወውን ቀዳዳ ሌላ ወፍ ይወርሰዋል፣ አንዳንዴም የንብ መንጋ። ያነሳናት ጥቁር ክንፍ ያላት በቀቀን ጎጆዋ የዛፍ ቀዳዳ ነው፤ የደረቀ ግንድ የሌለበት ሰፈር መጥታ በልታ ትሄዳለች እንጂ አትቀመጥም።

የረገፈውን ቅጠል ማቃጠል ትተን አጥሩ ሥር እንጥረገው። ተባይ አየሁ ብሎ ማላታይን የተባለውን የተባይ መርዝ ይዞ አጥር ላይ መርጨትም እንዲሁ ይቅር፤ አበባ ላይ ከተረጨ መጀመሪያ የሚያልቀው የጎረቤት ቀፎ ነው።

እባብና ጅብ

ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። ጥቅጥቅ ያለ አጥር እባብ ያመጣል? እባብ የሚከተለው አይጥን ነው፤ አይጥ የሚከተለው ደግሞ የምግብ ትርፍራፊንና የተከመረ እንጨትን። ቆሻሻ አጥር ሥር አትጣሉ፣ የማገዶ ክምር ከአጥሩ አርቁ፣ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ ሁለት ሜትር ያህል የታጨደ ሣር ይኑር። ጅብ በሚመላለስበት ዳር ከተማ ደግሞ በመንገዱ ጎን ያለውን አጥር ቁመቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቁት፣ ማታ የሚያልፍ ሰው ከጀርባው ያለውን እንዲያይ። የጓሮውን ጎን ለወፎቹ ልቀቁት።

አንድ የሕግ ነገርም አለ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተጠብቀው ነበር፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ተተክቷል። የግቢያችሁን ቢሆንም ከመጣላችሁና እንጨቱን ከማጓጓዛችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ፤ ኬላ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

እኔ በመጪው ሐምሌ 20 ሜትር የሚሆነውን የጓሮ ጎን እንደ አዲስ እተክላለሁ። ሁለት ረድፍ፣ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር፣ በችግኞቹም መሃል ግማሽ ሜትር፣ እያፈራረቅሁ፤ በጠቅላላው 80 ገደማ ነው። በውጭው ረድፍ 40 የግራዋና የሰንሰል ቁራጭ፣ ከጎረቤት የተለመነ። በውስጡ 25 ቀጋና 15 ኮሽም፣ ከኮሽሙ ሴቱ ትብዛ ብዬ እየተመኘሁ። ማዕዘኑ ላይ አንድ ኮርች። አባባ ደግሞ «መከርከሙ በየካቲት ከሆነ ለበዓሉ ምን ልሥራ ታዲያ?» ብለውኛል። በሩን ቀለም ይቀቡልኝ አልኳቸው።